አፍንጫው ላይ መነጽር የጫነው ካሜራችን

መጀመሪያ የሳቁብን አንድ የጋዜጣ አዘጋጅ ናቸው። ፎቶዎቻችንን በፍላሽ ጭነን፣ ያለንን ደህና ልብስ ለብሰን፣ ሥራ ልንጠይቅ ቢሯቸው ገባን። አዘጋጁ ፍላሹን አልተቀበሉንም። ዐይናቸው ያረፈው ከመካከላችን አንዷ አንገት ላይ በተንጠለጠለው ካሜራ ላይ ነው። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ሐኪም መነጽር አዘዘለት እንዴ?» አሉ። ቢሮው በሳቅ ሞላ። እኛም አብረን ሳቅን፤ ሥራ ፈላጊ ምን ያደርጋል! ሲሸኙን «ልጆች፣ ደህና ዕቃ ስትይዙ ብቅ በሉ» አሉን። ፎቶዎቹን እስከ ዛሬ አላዩዋቸውም።

እንግዲህ ይህችን ጽሑፍ የምንጽፈው ለዚያ መነጽር ጥብቅና ልንቆም ነው። ስሙ የፊት ቴሌኮንቨርተር ይባላል። ካሜራው ሌንስ አፍ ላይ እንደ ክዳን ተጠምዝዞ የሚታሰር፣ ሩቁን የሚያቀርብ ከባድ መስታወት ነው። ፎቶ አንሺ ነን የሚሉ ሰዎች ስሙ ሲነሳ አፍንጫቸውን ይነፋሉ። እኛ ደግሞ ንቀቱ ተገቢ አይደለም እንላለን፤ ምክንያታችንን ስሙንና ፍረዱ።

በቅድሚያ ስለ ራሳችን። ጋዜጠኝነት አብረን ተምረን በአንድ ቀን ጋውን የለበስን ሦስት ሴቶች ነን፤ ካሜራችን ግን አንድ ነው። ካሜራውን የላከችልን ዋሽንግተን ዲሲ የምትኖር የአንዳችን አክስት ናት። በርበሬና ሽሮ ጭኖ የሄደ ሻንጣ ሲመለስ ካሜራ ይዞልን መጣ። ፓናሶኒክ ኤፍዜድ 200 ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ፣ 12 ሜጋፒክስል ያለው፣ ሌንሱ የማይነቀል ካሜራ ነው። አዲስ አይደለም፤ ትልቅም አይደለም። አንድ ነገር ግን አለው። ሌንሱ ከ25 እስከ 600 ሚሊ ሜትር ሲዘረጋ አፐርቸሩ ከኤፍ 2.8 አይጠብም። ስለ ካሜራ ለማያውቅ ሰው ይህ ምንም አይመስልም። የሚያውቅ ሰው ግን «እንዴት?» ብሎ ይጠይቃል። (መልሱ ሴንሰሩ የጥፍር ያህል ስለሆነች ነው። በነጻ የሚገኝ ነገር የለም፤ ወደዚህ እንመለስበታለን።)

ታዲያ 600 ሚሊ ሜትር ያለው ሰው ሌላ መስታወት ምን ያደርግለታል? ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ከመስታወት በፊት ከቦታ ይጀምራል።

በዚህ ከተማ ፎቶ ማንሳት ግማሹ የቦታ ጉዳይ ነው። ኳስ ሜዳ ብትሄዱ ከጎሉ ጀርባ ለመቀመጥ ሰደርያ ያስፈልጋል። ስብሰባ ብትሄዱ ባጅ፣ ሰልፍ ብትሄዱ ክርን፣ በዓል ብትሄዱ ደግሞ ቁመት ያስፈልጋል። እኛ ሰደርያውም ባጁም የለንም፤ ክርናችን የሚያሳፍር ነው፤ ቁመታችንን ተዉት። ስለዚህ ሁልጊዜ የምንቆመው ከገመዱ ወዲህ ማዶ፣ ከአጥሩ ሥር፣ ከረጅም ሰው ጀርባ ነው። አሁን ይህን አስቡ። ረጅም ሌንስ በይበልጥ የሚያስፈልገው ሩቅ ለቆመ ሰው ነው። ሩቅ የሚቆመው ባጅ የሌለው ነው። በሰው እጅ መጥኖ የሚታየው ትልቁ ነጭ ሌንስ ግን ያለው ባጅ ተሰጥቶት ፊት የተቀመጠው ዘንድ ነው! ለእርሱም አይቀርበትም፤ አናመቀኝም። ግን ከኋላ የቆመው ሰው ምን ይሁን? የዚያ ሌንስ ዋጋ በእኛ እቁብ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ አንድ ማታ ቁጭ ብለን አስልተን ነበር፤ መልሱን እዚህ አንጽፈውም፤ እናቶቻችንም ያነቡ ይሆናል።

የፊት ቴሌኮንቨርተር የመጣልን በዚህ ጊዜ ነው። የእኛው ካሜራ የራሱ አለው፤ ኤልቲ 55 የሚባል፣ 1.7 ጊዜ የሚያቀርብ። 600 በ1.7 ሲባዛ 1020 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ዛሬ በፋብሪካ አይሠራም፤ ያገለገለ ፈልገን ገዛን፤ እቁቡን አንድ ዙር ብቻ ነው የበላው።

አሠራሩን እንንገራችሁ፤ ክርክራችን ያለው እዚህ ላይ ነውና። ከፊት መሃሉ ያበጠ ሰፊ መስታወት አለ፤ ከኋላ መሃሉ የሰረጎደ አነስ ያለ መስታወት አለ። ያበጠው ሰፊ የብርሃን ነዶ ተቀብሎ ያጠበዋል፤ የሰረጎደው የጠበበውን መልሶ ቀጥ ያደርግና ለካሜራው ሌንስ ያስረክባል። በቃ። ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1609 ወደ ሰማይ ያነጣጠረው መነጽርም በመርህ ደረጃ ከዚህ አይለይም። የካሜራው ሌንስ ከፊቱ ምን እንደተደረገ አያውቅም፤ ዓለም 1.7 ጊዜ የቀረበች ይመስለዋል።

የተከበረው ዘመዱ ደግሞ የኋላው ቴሌኮንቨርተር ነው። እሱ ሌንሳቸው በሚነቀል ካሜራዎች ላይ፣ በካሜራውና በሌንሱ መሃል ይገባል። ባለሙያዎቹ ይህንን በእጅ ቦርሳ ይዘው ሲዞሩ ማንም አይስቅባቸውም። ነገር ግን የኋላው ምስሉን ይለጥጣል እንጂ አዲስ ብርሃን አያመጣም። ወጡ ያው ሆኖ እንጀራው ሲሰፋ ማለት ነው። 1.4 የሚያቀርበው የብርሃኑን ግማሽ ይወስዳል፤ 2 ጊዜ የሚያቀርበው ሦስት አራተኛውን። በ1/800 ሰከንድ የሚነሳ ፎቶ ወደ 1/200 ይወርዳል፤ ያን ጊዜ የሚሮጥ ልጅ ፎቶው ላይ ጭስ ይሆናል። የፊቱ ግን የራሱን ሰፊ አፍ ይዞ ስለሚመጣ ወጡንም አብሮ ይጨምራል። ርዝመቱ በ1.7 ሲያድግ ብርሃን የሚገባበት በርም በ1.7 ያድጋል፤ ስለዚህ ኤፍ 2.8 ያው ኤፍ 2.8 ሆኖ ይቀራል። በመስታወቶቹ ፊት ላይ ተንጸባርቆ የሚቀር ትንሽ ብርሃን አለ፤ ከዚያ በቀር ኪሳራ የለም። የተናቀው የሚሠራውን የተከበረው አይሠራውም!

«እሱን ትታችሁ ፎቶውን ብትቆርጡትስ?» የሚለን አለ። ስልክ ላይ በሁለት ጣት እየሳቡ «ዙም አደረግሁት» የሚሉት ነገር ይኸው መቁረጥ ነው። 1.7 ጊዜ ለማቅረብ ከቆረጣችሁ ከ12 ሚሊዮን ነጥብ የሚተርፋችሁ 4 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነው። ሌላው ተጥሏል። መስታወቱ ግን 12ቱንም ሚሊዮን ለምትፈልጉት ፊት ያውላቸዋል።

አሁን ደግሞ ያልተሳካልንን እንናገር፤ ጥብቅና ስንቆም መዋሸት የለብንም። ከኤልቲ 55 በፊት የገዛነው ሌላ ነበር። አንድ ካሜራ ቤት ውስጥ «2.2 ጊዜ ያቀርባል፤ ኦሪጅናል ነው» ተብለን፣ ቁጥሩ ስለበለጠ ብቻ ደስ ብሎን ከፈልን። ቤት ወስደን ስናየው ፎቶው ይጨልማል፣ ጥግ ጥጉ ይደበዝዛል፣ ፊደል ያለበት ሰሌዳ ስናነሳ ፊደሉ ያብጣል። ለምን እንደሆነ የገባን ዘግይቶ፣ በማስመሪያ ነው። እናንተ ከመክፈላችሁ በፊት እንዲገባችሁ ስሌቱን እናካፍላችሁ። ካሜራችን ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ እውነተኛ ፎካል ርዝመቱ 108 ሚሊ ሜትር ነው (600 የሚባለው በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ሚዛን ሲመነዘር ነው)። 108 ለ2.8 ሲካፈል 39 ገደማ ይመጣል፤ ይህ የብርሃን በሩ ስፋት ነው። 1.7 ጊዜ የሚያቀርብ መስታወት ብርሃን እንዳይሰርቅ የፊቱ ስፋት ቢያንስ 66 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። 2.2 የሚለው ደግሞ 85። የእኛን «ኦሪጅናል» በማስመሪያ ስንለካው 60 ሆነ። ይህ ማለት ከሚገባው ብርሃን ግማሹን ደጅ አስቀርቷል ማለት ነው። ሻጩ የማይነግራችሁን ማስመሪያ ይነግራችኋል፤ ዋጋው ደግሞ ከአንድ ማኪያቶ በታች ነው።

ሁለተኛው ነገር ክብደት ነው። የእነዚህ ካሜራዎች ሌንስ በትንሽ ሞተር ይወጣል፣ ይገባል። ከባድ መስታወት በቀጥታ ከሚንቀሳቀሰው ሌንስ ጫፍ ላይ ብታንጠለጥሉ ሞተሩን ታደክሙታላችሁ። ስለዚህ ከካሜራው አካል ጋር የሚታሰር ቱቦ አለ፤ ሌንሱ በቱቦው ውስጥ እንደልቡ ይመላለሳል፣ ሸክሙን የሚሸከመው ቱቦው ነው። «ቱቦው ይቅርብን፣ ብር እንቆጥብ» ብለን ነበር። አይቅርባችሁ።

ጉድለቶቹም አሉ። ሌንሱን ስትሰበስቡት በጉድጓድ ውስጥ እንደማየት ነው፤ ምስሉ ክብ ሆኖ ዙሪያው ይጠቁራል፤ ስለዚህ የሚሠራው ሲዘረጋ ብቻ ነው። እጃችሁ ትንሽ ከተንቀጠቀጠች ምስሉ ውስጥ የምድር መንቀጥቀጥ ነው፤ አጥር ወይ የጓደኛ ትከሻ መደገፍ ግድ ይላል (የጓደኛ ትከሻ መተንፈስ ማቆም አለበት፤ ለዚህ ተጣልተን እናውቃለን)። ደማቅ ነጭ ከጥቁር ጋር ሲገናኝ ጠርዙ ላይ ሐምራዊ ክር ይወጣል። ነጭ ነጠላ ከባሕር ዛፍ ጥላ ፊት ሲቆም ማለት ነው፤ በዓል ላይ ደግሞ ሁሉም ሰው ነጭ ለብሷል። አፐርቸሩን ወደ ኤፍ 4 ስናጠበው ይቀንሳል፤ ጨርሶ አይጠፋም። ቀትር ላይ አየሩ ራሱ ከመሬት እየተነሳ ሲንቀለቀል ደግሞ የትኛውም መስታወት አያድናችሁም፤ ቤታችሁ ገብታችሁ ቡና ጠጡ።

ከሁሉ በላይ ግን ያቺ የጥፍር ያህል ሴንሰር አለች። ጀንበር ስታዘቀዝቅ፣ አይኤስኦውን ከፍ ስናደርግ፣ ፎቶው ላይ በሶ የተበተነ ይመስላል። በዚህ ጊዜ ትልቅ ሴንሰር ያለው ካሜራና መካከለኛ ሌንስ የያዘ ሰው ይበልጠናል፤ እናምናለን። ገንዘቡ ካላችሁ እሱን ግዙ። የእኛ ክርክር ገንዘቡ ለሌላቸው ነው፤ «ገንዘቡ እስኪኖራችሁ አታንሱ» የሚለውን ምክር እንቃወማለን።

ምክሩን የምንቃወመው ለቁጭት ብለን ብቻ አይደለም። ርቀት ራሱ ጨዋነት የሚሆንበት ጊዜም አለ። ሐዋሳ አሞራ ገደል ብትሄዱ አባ ኮዳ እግራችሁ ሥር መጥቶ የዓሣ አንጀት ይለምናችኋል፤ ለእሱ ስልክ ይበቃዋል። ሰሜን ተራሮች ላይ ጭላዳ ሣሩን እየነጨ በጥቂት ሜትር ርቀት ላይ ይተዋችኋል። ባሌ ሳነቴ ላይ ያለው ቀይ ቀበሮ ግን ሌላ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ለአቅመ መራባት የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው ያለው። አይጥ ለማደን መሬት ላይ ተለጥፎ በሚጠብቅ ቀበሮ ላይ ለፎቶ ብሎ መራመድ ምሳውን መንጠቅ ነው። እዚያ ቆሞ መቅረት የሚያስችል መስታወት ውድ ሌንስ ላላቸው ቱሪስቶች ብቻ ለምን ይሁን?

በነገራችን ላይ ዓለም ዞሮ ዞሮ ወደዚህ መስታወት ተመልሷል። እ.ኤ.አ. በ2025 ቪቮ የዛይስን ስም፣ ኦፖ የሃሰልብላድን ስም የያዘ የፊት ቴሌኮንቨርተር ለስልኮቻቸው አወጡ፤ የመጀመሪያው 2.35 ጊዜ፣ ሁለተኛው 3.28 ጊዜ የሚያቀርብ ነው። የቪቮው እንደውም ምስሉን ገልብጦ ነው የሚያስገባው፤ ስልኩ በሶፍትዌር መልሶ ያቃናዋል። ሰዉ ወረፋ ይዞ አደነቀ። ያን ቀን አዘጋጁ ትዝ አሉን። በስልክ ላይ ሲሆን ቴክኖሎጂ፣ በእኛ ካሜራ ላይ ሲሆን የሐኪም መነጽር!

ጥብቅናችን እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለን። ግን አንድ የጥምቀት ዕለት አለ፤ ሳንነግራችሁ ብናልፍ ግማሹን መደበቅ ይሆንብናል።

ጃን ሜዳ ነበርን፤ ጥር 11፣ ጠዋት። ታቦታቱ ከዋዜማው፣ ከከተራ ጀምሮ እዚያ አድረዋል። ውኃው ተባርኮ መረጨት ሲጀምር ሕዝቡ ወደ ፊት ፈሰሰ። ገመዱን የያዘው አስተናባሪ «ባጅ?» አለን፤ «የለንም»፤ «እንግዲያው እህቶቼ ወደ ኋላ»። ሥራው ነው፤ አልተቀየምነውም። አጥሩ ጋ አንድ ድንጋይ አግኝተን ተራ በተራ ወጣንበት። በ1020 ሚሊ ሜትር ሰውን ሁሉ ዘልለን አንዲት እናት አገኘን። ባዶ ሃይላንድ በአንድ እጃቸው ከፍ አድርገው፣ ነጠላቸው ረጥቦ፣ ፊታቸው ላይ ውኃው ሲያርፍ ዐይናቸውን ጨፍነው ያለቅሱ ነበር። በዙሪያቸው ያለው ሰው ሁሉ ወደ ሌላ ያያል። ብርሃኑ ከጎን ነው። ሐምራዊ ክር እንኳ አልነበረበትም። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንዲያ ያለ ፎቶ አላነሳንም። አዘጋጁ ፍላሹን ቢሰኩ የመጀመሪያው እሱ ይሆን ነበር።

ከመካከላችን አንዷ «እናግኛቸው» አለች። ሌላኛዋ «አደባባይ ነው፤ ፈቃድ አያስፈልግም» አለች፤ ትምህርት ቤት እንዲያ ተምረናልና። ተከራከርን። ክርክሩን ያሸነፈው ሕግ አልነበረም። ቅርብ ሆኖ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ቢያንስ ይታያል፤ ሰውየው ፊቱን ሊያዞር፣ ሊቆጣ፣ ሊስቅ ይችላል። እኛ ግን ማንም በማያየን ቦታ ላይ ቆመን ዕንባ ቆጥረናል። ባጅ የሌለን መሆናችን ይህንን ትክክል አያደርገውም።

ሕዝቡ ሲቀንስ ፈልገን አገኘናቸው። በካሜራው መስኮት አሳየናቸው። እማማ ረጅም ጊዜ አዩት።

«ይቺ እኔ ነኝ?»

«አዎ እማማ።»

«የት ሆናችሁ ነው?»

አጥሩን አሳየናቸው። በዐይናቸው ለኩት፤ ወደኛ ተመለሱ። «ልጆቼ፣ ይሄ በእኔና በእሱ መካከል ነበር። አጥፉልኝ።»

አጠፋነው፤ እያዩን። ጣቷ ቁልፉ ላይ የነበረችው «ፈቃድ አያስፈልግም» ያለችው ናት። ሌላ ቅጂ እንደሌለው ጠየቁን፤ የለውም አልን። የለውም።

ከዚያ ወዲህ በመካከላችን ስምምነት አለ። በመነጽሩ ያነሳነውን ሰው፣ ፊቱ የሚለይ ከሆነ፣ ሄደን እናሳየዋለን። ካላገኘነው ፎቶውን ለማንም አንሰጥም። በዚህ ምክንያት የቀሩብን ፎቶዎች አሉ፤ ባልደረቦቻችን ሞኝ ይሉናል። ባጅ ያላቸውም፣ ትልቁ ነጭ ሌንስ ያላቸውም ይህን ቢያደርጉ ደስ ይለናል፤ ግን እኛን ማን ይሰማናል።

እማማ ግን አልሄዱም። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ አጠገባቸው የቆመችውን የልጅ ልጃቸውን ሳብ አደረጓትና «በሉ አሁን ደህና አድርጋችሁ ከዚህች ጋር አንሱን» አሉ። ካሜራውን አነሳን፤ አላይ አለ። ረስተነው ነው እንጂ መስታወቱ የሚያየው ቅርብ ርቀት በሦስት እጥፍ ገደማ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ክንድ የሚያህል ርቀት ላይ የቆመ ሰው ለእሱ ጭጋግ ነው። ቱቦውም አልፈታም ብሎ ሁለታችን ታገልነው። ልጅቷ ሳቀችብን፤ እማማም ሳቁ። መነጽሩን ፈትተን በነጠላ ጠቅልለን ቦርሳ ውስጥ ከተትነው፤ ሦስት ፎቶ አነሳን።

ትልቁን አሳጥበነዋል። የሰጡን ስልክ ቁጥር ላይ ስንደውል አይነሳም፤ ፎቶው በፖስታ ሆኖ የካሜራው ቦርሳ ኪስ ውስጥ አለ።